ክሊዮ እና ቀበቶው

ማርች 3፣ ማክሰኞ ጠዋት

ደብተሬ፣ አንገቴ ላይ በረዶ አስሬ ነው የምጽፍልህ። ግራ ትከሻዬ ዛሬ ይሻላል። ጉልበቴ ያው ነው። ቁርስ፦ እንቁላል፣ ዳቦ፣ የህመም ኪኒን።

ግሬግ ደወለ። አለቃዬ ነው፤ ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው እሱ ነው። ተመልካቹም ይህን ያውቃል፣ አውቆም ይመጣል። አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል እንጂ ስንወድቅ የምንወድቀው እውነተኛ ወለል ላይ ነው።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ቀበቶው ያንቺ ነው አለኝ። የሻምፒዮኗ ቀበቶ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ደጋግሞ ጠራኝ።

ሬስሊንግ፣ ይህን የትዕይንት ትግል፣ ስጀምር ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። አሁን ሠላሳ ስምንት። በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራዬ መሸነፍ ነው። አዲስ ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ እኔን ታሸንፋለች፣ ሕዝቡ ይወዳታል፣ ወደ ትልቅ ቦታ ትሄዳለች። እኔ እቀራለሁ። ክፉዋ እኔ ነኝ፤ ሲጮህብኝ ደስ የሚለው ሕዝብ አለኝ። ሪንግ ላይ ስሜ ክሊዮ ነው፣ ከግብጽ ንግሥት ስም የተቆረጠ። ከአፍሪካ መምጣቴን ሲሰማ ግሬግ ያወጣልኝ ነው። ኢትዮጵያና ግብጽ ይለያያሉ ስለው ልብሱ ተሰፍቶ አልቋል አለኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ሰላማዊት ነው።

ለእማዬ ደወልኩ። ሺፍት ላይ ነበረች፤ የሆቴል ሚኒባስ ነው የምትነዳው፣ ከኤርፖርት እንግዳ ጭና። እንኳን ደስ ያለሽ አለች። ወዲያው ደግሞ፣ የምታሸንፊ ከሆነ መውደቁ ይቀንሳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። አይቀንስም።


ማርች 5፣ ሐሙስ ከሰዓት

ልምምድ። ጂማችን ከሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ። ከኬይላ ጋር። የአሁኗ ሻምፒዮን እሷ ናት፤ ገና ልጅ፣ የሕዝቡ ዓይን። ቀበቶውን ከእሷ ነው የምወስደው። ቅር ይላት ይሆን ብዬ ነበር። ለካ ግሬግን ቀበቶውን ለሰላም ስጣት ብላ የለመነችልኝ ራሷ ናት፤ ሰላም ነው የምትለኝ። ከሌላ ሰው ሰማሁ።

መጨረሻው እንዲህ ነው፦ ኬይላን ገልብጬ አነሳታለሁ፣ ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ እግሯ ወደ ሰማይ። ከዚያ እኔ ቁጭ እላለሁ፣ አብረን እንወርዳለን። ጭንቅላቷ ወለሉን እንዳይነካ የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ በጭኔና በክንዴ። ለሚያይ ያስፈራል። ሲያውቁበት ምንም አይደለም።

አነሳኋት። ከዚያ ባዶ ሆንኩ። ቀጥሎ ምን እንደሆነ ጠፋኝ። እጄ ውስጥ ሰው አለ፣ ከብዶኛል፣ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ኬይላ ከታች ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ሰውነቴ የቀረውን በራሱ ሠራው።

ስንነሳ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

አልደከመኝም ነበር። ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።


ማርች 8፣ እሑድ

እማዬ ቤት ለምሳ። ግሪን ቫሊ ሰፈር። ስንት ዓመት የነዳሁበት መንገድ።

ሁልጊዜ የምታጠፍበት መብራት ላይ ደርሼ ቀኝ ይሁን ግራ ጠፋኝ። ከኋላ ክላክስ። ዝም ብዬ ቀጥ አልኩ። አንድ ሞል አገኘሁና ፓርክ አደረግሁ። ስልኬ ይምራኝ ብዬ አድራሻዋን ልጽፍ፣ የቤቱ ቁጥር የለም። ከጭንቅላቴ ወጥቷል።

ደወልኩላት። መኪናው ሞሉ ጋ አስቸገረኝ አልኳት። በቤት ጫማዋ መጣች። ሞተሩ እየሠራ ነው። አየችው። ተከተዪኝ አለችና የአደጋ መብራቷን እያበራች ቀስ ብላ ከፊቴ ነዳች።

ፓስታ ሠርታ ነበር። ሳህኔን ስትሞላ አየት ታደርገኛለች። ስለ አክስቴ ልጅ ሠርግ አወራን። በጣም ብዙ አወራን።


ማርች 11፣ ረቡዕ

ሄንደርሰን ከተማ፣ ሮዛ ጋ። ከሄድኩ ቆይቻለሁ። እፈራለሁ፣ ለዚያ ነው።

መውደቅን ያስተማረችኝ ሮዛ ናት። አገጭሽን ደረትሽ ላይ፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ ወለሉን አትጥዪው። በጊዜዋ ስሟ ሲጠራ አዳራሽ ይቆም ነበር። አሁን ስድሳ እንኳ አልሞላትም። ባሏ ሄክተር ነው የሚያጥባት፣ የሚያለብሳት።

አላወቀችኝም። ግን ጆሮዬን አየችና ታጋይ መሆኔ ገባት። የኛ ጆሮ ተመትቶ ተጨማዶ ስለሚቀር ያስታውቃል።

— ማችሽ ከማን ጋር ነው?
— ከኬይላ ጋር።
— ጎበዝ ናት?
— ጎበዝ ናት።
— አንገቷን ጠብቂላት።

ሄክተር ሻይ አመጣ። ሮዛ ጽዋውን ይዛ እንደገና ዞረችብኝ። ማችሽ ከማን ጋር ነው? ከኬይላ ጋር። ጎበዝ ናት? እንዲህ እያለ ሄደ። ሁልጊዜ መጨረሻው አንገቷን ጠብቂላት። ምንም ሳይቀራት ይቺ ቀርታለች።

በር ላይ ሄክተርን መርሳቱ መቼ ነው የጀመራት አልኩት። እሷ ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር አለኝ። ደብቃው መታገሏን ቀጠለች።

— ብትነግርህ ምን ታደርግ ነበር?

ወደ ውስጥ፣ ወደ ሮዛ አየ።

— ምንም። አብሬያት እፈራ ነበር።

መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ቆየሁ።


ማርች 13፣ ዓርብ

ዶ/ር ጋ። ብቻዬን። የጭንቅላቴን ሥዕል አነሡ፣ ቃላት አስጠኑኝ፣ ወረቀት ላይ ሰዓት ሳዪ አሉኝ። ሰዓቱን ሳልኩ። ቃላቱን ግማሹን ጣልኩ።

እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም አለች ዶ/ሯ፤ ከጭንቅላት ምት ብዛት የሚመጣው የአንጎል በሽታ በሕይወት ያለ ሰው ላይ በትክክል አይታወቅም። ግን የምታየው አያስደስታትም። ጭንቅላቴ ከእንግዲህ አንድም ምት መቀበል የለበትም። ይብሳል ወይ አልኩ። ሊቆም ይችላል፣ ሊብስም ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ይዘሽ ነይ አለችኝ።

ከሆስፒታሉ ስወጣ ፀሐይ። ሰው ቡና ይዞ ይሄዳል። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ቀበቶው ግን አሁንም ያምረኛል። ልነግርህ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ አልዋሽህም። በጣም ያምረኛል።


ማርች 16፣ ሰኞ

ለኬይላ ነገርኳት። ጂም ውስጥ፣ ሪንጉ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን። መጀመሪያ አቀፈችኝ። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ከዚያ አሰበችው መሰለኝ፣ ለቀቀችኝ።

— ያን ሐሙስ ዕለት። ስታነሺኝ።
— አዎ።
— አልደከመሽም ነበር።
— አልደከመኝም።
— ከዚያ በኋላም አንስተሽኛል። ቅዳሜ ሦስቴ አንስተሽኛል፣ ሰላም።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ሮዛ አንገቷን ጠብቂላት ስትለኝ እሺ እያልኩ ሻይ እጠጣ ነበር።


ማርች 17፣ ማክሰኞ

ግሬግ ጋ። ኬይላ እንዳልነገረችው ገባኝ፤ እኔን ጠብቃለች።

ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አዘነ። ቆይቶ ግን መላ አለው። ማንሳቱ ይቅር፣ መውደቁ ይቅር። ኬይላን ከኋላ ይዤ ቶሎ ላሸንፍ፣ ቀበቶውን ይዤ ፎቶ ልነሳ፣ በማግስቱ ክሊዮ ታመመች ብለን እናሳውቅ። ይገባሻል አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት።

ይገባኛል። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ወድቄያለሁ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቀበቶውን ይዤ ራሴን አየሁት፣ በደንብ፣ እስከ ወርቃማው ጠርዝ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ ያልሆነውን።


ማርች 19፣ ሐሙስ

ለእማዬ። እሷ ቤት፣ ዕቃ እያጠበች።

ሁሉንም ነገርኳት። ውኃውን አልዘጋችም። አንድ ሳህን ደጋግማ አጠበች።

— ለምን አልነገርሽኝም?
— ትፈሪያለሽ ብዬ።
— እኔ እንደሆነ ድሮም ፈርቻለሁ።

ከዚያ ሳልጠይቃት ይህን አወራችልኝ። ባለፈው ዓመት ከኤርፖርት ወጣቶች ጫነች፣ የኬይላን ቲሸርት የለበሱ። መንገዱን ሙሉ ክሊዮን ሲሰድቡ። እማዬ ቲያትር መሆኑን ታውቃለች። ግን መብራት ላይ ዞር ብላ፣ ልጄ ናት አለቻቸው። አንዷ ብቻ ከኋላ ወንበር፣ በጣም ጎበዝ ናት እኮ፣ ጎበዝ ባትሆን እንዲህ አንጠላትም ነበር አለቻት።

ይህን ይዛ ዓመት ሙሉ ቆየች። ለምን እንዳልነገረችኝ አልጠየቅኋትም። አንድም ቀን መጥታ አይታኝ አታውቅም። ስወድቅ ማየት አልችልም ትላለች።

አብረን አለቀስን። ከዚያ ራት በላን።


ማርች 28፣ ቅዳሜ ጠዋት

ወሰንኩ። ለግሬግ ነግሬዋለሁ፣ ለኬይላም።

በኛ ሥራ የሚወጣ ሰው ተሸንፎ ነው የሚወጣው። ያለውን ስም ለሚቀረው ትቶ። ቀበቶውን ይዤ ብሄድ ኬይላ ቀበቶዋን ያላስመለሰች ሆና ትቀራለች። እንዲያ አልፈልግም። ማንሳት የለም፣ መውደቅ የለም። ክንዴን ትይዛለች፣ እጅ እሰጣለሁ።

ኬይላ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አታወራኝም ነበር። ዛሬ ደውላ ቁርስ በልተሻል ወይ አለችኝ።


ማርች 29፣ እሑድ ጠዋት

እማዬ እኔ ቤት ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝታለች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። ከዛሬ ጀምሮ መኪና አልነዳም። ነገ ዶ/ሯ ጋ አብረን እንሄዳለን። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው፣ ሌላው እንዳያስረሳኝ።

ትናንት። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ክሊዮ ታሸንፋለች የሚል ወሬ ወጥቶ ስለነበር ሕዝቡ ሊያብድ ደርሶ ነበር። ማቹ ግን አጭር ሆነ፣ ቀሰስተኛ። ተያያዝን፣ ተገፋፋን፣ በገመዱ ዞርን። አንድም ሰው አልወደቀም። ሕዝቡ ገባው፣ አሰልቺ ነው እያለ መጮህ ጀመረ። ለክፉዋ የሚጮኸው ጩኸት አልነበረም። ያን አውቀዋለሁ፣ ፍቅር አለበት። ይኼኛው ወደ ቤታችሁ ሂዱ የሚል ነው። የመጨረሻዬ መሆኑን ማንም አያውቅም። እኔ ነኝ አይነገር ያልኩት።

ኬይላ በሆዴ አስተኝታ ክንዴን ወደ ኋላ ያዘችኝ። አያምም። ወለሉን በመዳፌ ስመታ ያበቃል። ጉንጬ ወለሉ ላይ ነው። በገመዱ ሥር እማዬን አየኋት፤ መጥታለች። የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች ከፊት ረድፍ፣ ሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ። ፊቷን አልሸፈነችም።

ኬይላ ጎንበስ ብላ፣ በቃ ሰላም፣ ምቺው አለችኝ።

ትንሽ ቆዪ አልኳት።

ቆየች። ክንዴን አላጠበቀችውም፣ አልለቀቀችኝምም። ዳኛው ተንበርክኮ እጅ ትሰጫለሽ ወይ እያለ ይጮሃል፣ የእውነት አስመስሎ። ሕዝቡም የማልበገር መሰለው መሰለኝ፣ እየቆየ ድምፁ ተለወጠ። ክሊዮ፣ ክሊዮ ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ ከላይ ወንበሮች፣ ከዚያ ሁሉም። ስሜን ጠርተውልኝ አያውቁም ነበር።

ጉንጬ ላይ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። እስኪበቃኝ ልስማው አልኩ። አልበቃኝም። ወለሉን መታሁት።