ሁለት ሜዳ፣ ሁለት መስመር

ለወንድሜ ጓደኛ፣

እንዴት ከረምክ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ያደርግሃል? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት አለን። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ክፍሎም ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ሰው የሚለየው በድምፅ ሆኗል። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው፤ አትደንግጥ። መሠረተ ትምህርት ሲዘመት እናቴን ሳስታምም አመለጠኝ እንጂ፣ በስድሳ አንድ ዓመቴ ከጎረቤቴ ከአስማ ጋር የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድም ይነበባል።

መናደዴን ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ሁለት የሣር ሜዳ ስሰማ ኖሬአለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ጎልፍ የሚባለውንም፣ አንተና ክፍሎም የፈረንጅ መጫወቻ ዱላ ስትሸከሙ ውላችሁ ስትመጡ ጫማችሁ ላይ ከሚጣበቀው ሣር በቀር አላየሁትም። ሆኖም የሴንት አንድሩስን ሜዳ የአሸዋ ጉድጓድ ከሰፈሬ ጉድጓድ ይልቅ አውቀዋለሁ። ደብዳቤህ በክፍሎም መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ይመጣ ነበር፤ እሱ ዓይኑ ደህና ሳለ መጀመሪያ ፒያሳ ወስዶ ባንኮኒ ተደግፎ ለጓደኞቹ ያነበው ነበር፣ ከዚያ ቤት አምጥቶ ለእኔ። አንተ በሁለቱም ሜዳ ሣር እያጨድክ የኖርክ ሰው ስለሆንክ ቃልህ እንደ ወንጌል ነበር። ክፍሎም ለጨዋታ ካርኑስቲ የሚባለው ሁለተኛው ሜዳ ይከብዳል ይላል፤ መጨረሻው ላይ ወንዙ እየተጠማዘዘ ይመላለሳል፣ ሰው አሸነፍኩ ሲል ኳሱ ይሰምጣል እያለ። ልብስ ሰፊው ሉልሰገድ ደግሞ የለም፣ ሴንት አንድሩስ ነው ባይ ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ መስሎ ጉድጓዱን የሚያሳይህ ከገባህበት በኋላ ነው ይላል። ሁለቱም ከደብረ ዘይት አልፈው አያውቁም። አንድ ቀን ቢያንገሸግሸኝ፣ እስቲ እሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ ተጫወቱና ኳሱን ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ልቀሙ፣ ከዚያ ስለ ከባድ ታወራላችሁ አልኳቸው። ሉልሰገድ፣ በቃ ዳኛዋ እሷ ትሁን ብሎ ሳቀብኝ።

ቤታችን ሊፈርስ ነው። ዕቃ ስንሸክፍ ደብዳቤዎችህ ወጡ። ክፍሎም ደስ ብሎት፣ ሓፍተይ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ የካርኑስቲውን ነፋስ አንብቢልኝ አለኝ። ሊያባብለኝ ሲፈልግ በእናታችን ቋንቋ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይለኛል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩለት። የሰባ ዘጠኙ ደብዳቤ ላይ፣ አራቱ ገጽ አሸዋና ወንዝ ካለቀ በኋላ፣ ከግርጌ ሰምቼው የማላውቅ ነገር ተጽፏል። ድምፄን ሳልቀንስ ቀጠልኩ፦ «እህትህን ጠይቅልኝ፤ ከፈቀደች የመምጫ ወረቀቷን እጨርሳለሁ። እስከ ፋሲካ መልስ ካላገኘሁ እንቢ እንዳለች እቆጥረዋለሁ።»

 ክፍሎም፣ የነፋሱን ድገሚልኝ አለ።

እኔ ያንኑ ሁለት መስመር ደገምኩለት። ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ፣ አንቺ ብትሄጂ እናታችንን ማን ይይዛት ነበር? አለኝ። እናታችን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አረፈች። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ሁለት ወር ነው። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያበሰልኩት ለማን እንደሆነ እሱ ራሱ ያውቀዋል።

አንተስ ብትሆን? ማንበብ እንደማልችል እያወቅክ የእኔን ጉዳይ በሰው አፍ ታኖራለህ? ሉልሰገድን ከሁለት ሽማግሌ ጋር ወደ እናቴ መላክ አቃተህ? በሩ ላይ ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ቢሉ፣ እኔም ጓዳ ሆኜ በጆሮዬ እሰማ ነበር። ለሣር አራት ገጽ፣ ለእኔ ሁለት መስመር! ከዚያ ፋሲካ በኋላ የጻፍካቸውንም አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ለእኔ ሰላምታ እንኳ የለባቸውም። ክፍሎም ግን ሁልጊዜ፣ ሰላም ብሎሻል ይለኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በልልኝ እላለሁ።

ሉልሰገድ ዳኛ አድርጎኝ የለ? ፍርዴን ልስጥ። የሚከብደው ሴንት አንድሩስ ነው። ወንዝስ ከሩቅ ይታያል።

እንቢ አላልኩም። የጻፍኩት ይህን እንድታውቅ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። አግብተህ እንደሆነ ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ካላገባህም ሰላም ሁን። ብቻ ስትጽፍ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርገው፤ መነጽሬ ደካማ ነው። በክፍሎም ሣጥን አትላክ። ወደ አስማ ላከው፣ አድራሻዋን ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ።

ክፍሎም ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ የብዕሬን ድምፅ ያዳምጣል። ለማን ነው ሲለኝ ለጓደኛህ አልኩት። ደስ አለውና፣ ስትጨርሺ አንብቢልኝ አለ። አነብለታለሁ። የሣሩን ብቻ።

ነፋሱን ያለዝብልህ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ። እስከ ፋሲካ ጤናውን ይስጥህ፣ ከዚያም በኋላ።

የክፍሎም እህት