በወርቅ ገበታ የታጠበ ዘይት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው። ጸሐይነሽ ይህን ስታነብልሽ ቀስ ትበል፤ እንደ ልማዷ እየዘለለች እንዳታልፍ።

ወደ አሶሳ ስመጣ አደራሽ አንድ ነበር፦ አባትህን ፈልገው፣ ሞቶም ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ። ሾፌር አይደል፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየመናኸሪያው ጠይቄአለሁ። በጦርነቱ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አየሁት የሚል ሾፌር አጥቼ ነበር።

ሰሞኑን አዲሱ ክልል ለሚያሠራው ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ጭኜ ወደ መንጌ ስወጣ፣ ያ አሮጌው ኤንትሬ መኪናዬ ዳገቱ ላይ ከሆዱ ያንኳኳ ጀመር። ሲሞቅ ደግሞ የዘይቱ ግፊት ወረደ። ጉረኛው ልጅሽ ዘይት ጨምሬ ልነሳ ስል፣ ወንዙ ውስጥ ወርቅ ስታጥብ የነበረች ነፊሳ የምትባል የበርታ ሴት መጥታ ከለከለችኝ። አሮጌውን ዘይት በጨርቅ አጥልልኝ አለች። እየሳቅሁባት አጠለልሁላት። እሷ ግን ዝቃጩን በናፍታ አለቅልቃ፣ በወርቅ ማጠቢያ ገበታዋ ቀስ እያለች አዞረችው። ጥቁሩ ፈሰሰ፤ ከሥር የደቀቀ ቀይ ነገር እያብለጨለጨ ቀረ። ወርቅ መስሎኝ ዓይኔ ፈጠጠ! «ወርቅ የለም። ይሄ መዳብ ነው፤ ኩሽኔታ ተበላ። ከነዳህ ሞተር ይሞታል» አለችኝ።

መኪናው ሥር ተኝቼ ከፈትሁት። እንዳለችው ነው፤ የሞተሩን ዘንግ የሚያቅፈው ኩሽኔታ ሽፋኑ አልቆ መዳቡ ወጥቷል። ዋናው ዘንግ ግን አንድ ጭረት አልነካውም። ዘንጉና ኩሽኔታው ደህና ሲሆኑ እኮ አይነካኩም እማዬ፤ ያን ሁሉ ጭነት የሚሸከመው በመካከላቸው ያለ ከፀጉር የሳሳ ዘይት ነው። ስንት ዘመን እላዩ ላይ ተቀምጬ ስነዳ አንድ ቀን አልገረመኝም። ዳገቱን ጨርሼ ቢሆን ኖሮ ዘንጉም አይተርፍም ነበር።

ነፊሳ ከቤቷ በግራሶ የተጠቀለለ አዲስ ኩሽኔታ አመጣችልኝ። ባለቤቷ ለራሱ ኤንትሬ አስቀምጦት፣ መኪናው በጦርነቱ ተቃጥሎ ሳይገጥመው የቀረ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! ዘይት ቀብቼ ገጠምሁት፤ ዘንጉን በእጄ ሳዞረው ሳይከብድ ሳይላላ ዞረ። ሞተሩ ሲነሳ ያ ማንኳኳት የለም። እሷ ኮፈኑን መታ መታ አድርጋ «ጀባዹ፣ ኮርማ ኮ» አለችው።

«በርታ፣ ኮርማዬ» ማለቷ ነው። አባዬ መኪናውን ሲያስነሳ የሚለው ይህንኑ ነበር። ኦሮምኛውን ከየት አመጣሽው ብዬ ጠየቅኋት። «ባሌ፣ ሞተር ሌላ ቋንቋ አይሰማም ይላል ነበር» አለችኝ። ዘይት በገበታ ማጠብንም ያስለመዳት እሱ ነው። አምና ወባ ወሰደው። እኔም ስሜን ከነአባቴ ነገርኋት፤ «ባሌ እሱ ነው» አለችኝ። ከዚያ ጓሮ ወስዳ የአባዬን መቃብር አሳየችኝ።

ልቀየማት ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ። ሳትበላ አልለቅህም ብላ አብልታ ነው የሸኘችኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ፤ የቀረውን አፍ ለአፍ እናወራለን። እስከዚያ ጎረቤቶች ከአጠገብሽ አይራቁ፤ ጌታ ራሱ ልብሽን ይደግፍልሽ። ከእንግዲህ ማታ ማታ አባትህ ይመጣል እያልሽ በሩን ገርበብ አድርገሽ አትተዪው፤ ቀርቅረሽ ተኚ።

ልጅሽ