ከጉልበት በላይ የቀረ ቀሚስ

ይድረስ ለማከብርዎ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ብርዱን ቻለው ወይ? እኔ በክፍሌ ከውኃው ቧንቧ በቀር የሚያወራ ባይኖርም ደህና ነኝ።

ከልጅዎ ጋር ተለያይተን ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የከተቱልኝ የወጣትነት ፎቶዎ አልጋዬ አጠገብ ነው። ማታ ማታ የማወራው ከእሱ ጋር ነው ብልዎ እንዳይስቁብኝ።

የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት አንድ ነገር አሰበች። ሴቶች የእናታቸውን የድሮ ፎቶ ያመጣሉ፤ ቀሚሱ እንደገና ይሰፋና ልጅየዋ ለብሳው ፎቶ ትነሳለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። እኔ የወለደችኝን አላውቃት። የእርስዎን ይዤ ሄድኩ።

ልብስ ሰፊዋ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አይናገር፣ የምን ቀለም ጨርቅ ልግዛ ብላ አስጨነቀችኝ። ባለፈው ስልክ የደወልኩት ለዚሁ ነበር። እርስዎም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ቀይ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት» አሉኝ። ከኋላ ልጅዎ ሲጣራ ሰማሁ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ቀዩ ተሰፋ። ትከሻው ልክክ አለልኝ። ከጉልበቴ በላይ ስለቀረ ወደ ታች እየጎተትኩ ብቸገር ልብስ ሰፊዋ፣ «ተይው እንጂ፣ ጉልበትሽን ማን ይበላዋል» ብላ አሳቀችኝ። ከቤታችሁ ከወጣሁ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

እማማ፣ የቀሚሱን ጠርዝ አሰፋፍ ለማየት ፎቶዎን በኮምፒውተር አጉልተነው ነበር። ከእግርዎ ሥር ያለውን ሁልጊዜ ጥላ ይመስለኝ ነበር። ሻንጣ ነው፤ በገመድ የታሰረ። የፎቶ ቤቱ ባለቤትም አየችውና ወዴት ሊሄዱ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቤት ለአንድ ሌሊት እንኳ ጥለው አያውቁም ብቻ አልኳት።

የእኔን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ከስቻለሁ፤ አይደንግጡ። በጎረቤትዎ እጅ ያደረግኩት ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ብዬ ነው።

ደግሞም በዚያው ስልክ፣ በር መቶኝ ዓይኔ አብጧል ብለውኝ ነበር። ዳነልዎ? ያ በር እኔንም ይመታኝ ነበር።

ሁለተኛ አልጋ ገዝቻለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግን ከውስጥ ትቆለፋለች። ጎረቤትዎ እስከ መኪናው ድረስ ትሸኝዎታለች፤ ተነጋግረናል። እዚህ መናኸሪያ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ። እምቢ ቢሉም አልቀየምዎትም።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። መንገዱን ያቅናልዎ።

ምራትነቱ ቢቀር፣
ሴት ልጅዎ