የፊት ጎማው እኔ ጋ ነው

ምሥጋናው፣

ዛሪማ ወርጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

የካርቦን ብስክሌትህን የፊት ጎማ ፈትቼ ወስጄዋለሁ። ከፈለግክ ተቆጣ።

ከሳንቃ በር በበቅሎ ስታስመጣው በገመድ ጠፍረህ ነው ያስጫንከው። የብስክሌቱን ዘንግ ገመዱ ያረፈበት ላይ በሳንቲም መታ መታ አድርገው፤ ሌላው ቦታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እዚያ ጋ ድምፁ ይታፈናል። ውስጡ ተሰንጥቋል።

ካርቦን ካልተጎዳ ከብረት በላይ ይኖራል ያልከው እውነት ነው። ብረት ግን ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ያስታውቃል። ካርቦን ድንገት ነው የሚሰበረው።

ወንድማችን ገዱም የብረት ብስክሌቱን ግድግዳችን ላይ ሰቅሎ ሊማሊሞን በካርቦን የወረደው «ምንም አይታይበትም» ብሎ ነው። አልተመለሰም።

ነፋስ ሲገባ የተሰቀለው ብስክሌቱ ጎማ ብቻውን ይዞራል። የመጣ እየመሰለኝ ዛሬም «ግባ፣ ገዱ» እላለሁ።

ሁለት ሰው እንደዚህ መጥራት አልችልም።

ክንዴ