ከአቶ ጌታነህ ጋር የተቆራኘሁበት ሐሙስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከቀኑ 10 ሰዓት

ወንበር ደረደርኩ። ድምጽ ማጉያ ሰካሁ። እንደ ሁልጊዜው። በምሳ ሰዓት የድሮው ደጃዝማች ያሠሩት አዳራሽ ሞላ፤ መምህራን፣ የቢሮ ሰዎች፣ ሳምቡሳ በፌስታል የያዙ ተማሪዎች። የሐሙስ የቅርስ ወግ ነዋ! ተናጋሪው የባህል ቢሮ አለቃዬ አቶ ጌታነህ። ርዕሱ የደጃዝማቹ ግቢ አሠራር።

ስሚኝ ደብተሬ። አባዬን በባጃጅ አምጥቼ ከኋላ አስቀምጫቸው ነበር። የአዳራሹን በር ብረት፣ ማጠፊያውንም መቀርቀሪያውንም፣ ቀጥቅጦ የሠራው አባታቸው ሀብቴ ነው። ይህንን ለአቶ ጌ. ጽፌ ከሰጠሁት ወር አለፈው። እናገረዋለሁ ብሎኝ ነበር። አባዬ ሰማንያ ደፍነዋል፤ የአባታቸው ስም በዚያ ቤት ሲጠራ ሰምተው አያውቁም። ለዚያ ነው የመጡት።

አንድ መምህር ጠየቀ፣ በሩን ማን ሠራው ብሎ። አቶ ጌ. የውጭ አገር ሰው እጅ ነው አለ። አላበቃም። የኛ ቀጥቃጭ ቢሠራው ኖሮ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞት ይጠፋ ነበር አለና ሳቀ። ያቺ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው የምትል ያረጀች ስድብ! አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

አባዬ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ወጡ።

ቂም ይዣለሁ። አንቺም ያዢልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አባዬ ከቤት አልወጡም። ትናንት ቤ/ክ እንኳ ቀሩ።

አቶ ጌ. ምንም እንዳልሆነ ሰላም አለኝ። ወረቀቴ ጠፍቶበት እንደሆነ ጠየቅኩት። አልጠፋም። ሰው እንዲህ ያለውን መስማት አይወድም አለኝ። ደግሞ ቀልድ ነው፣ ነገር አታክብጂ። አያቴን ፍቆ ቀልድ!

ምን ላድርገው? የማጉያውን ገመድ ልቁረጥ? ሻዩ ውስጥ ሚጥሚጣ? የልጅ ሥራ ነው፣ አንጀቴን አያርሰውም። እኔ የምፈልገው እንደ አባዬ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ማየት ነው። የንስሐ አባቴ በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። እሺ። ግን እግዚአብሔር ሐሙስ ሐሙስ ወደ አዳራሹ አይመጣም። ይቅር በለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ወጉ በርኖስና ዝተት ስለሚባሉት የድሮ የሱፍ ልብሶች። አልሰማሁም። ማጉያውን ግን ሦስት ጊዜ አጠፋሁበት፣ መብራት ነው ብዬ። ደስ አለኝ፤ ምን ያስዋሸኛል።

ሲያበቃ ጠራኝ። የሚቀጥለው ሐሙስ ስለ ጥንት ሙግት ነው። ለማሳያ ትንሽ ጨዋታ አስቧል፤ እሱ ዶሮ የሰረቀ ተከሳሽ፣ እኔ ባለዶሮዋ ከሳሽ። ዳኛው ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡት የእውነት ዳኛ። ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው።

እሺ ጌታዬ አልኩት። ሳቅሁለትም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ያሰብኩትን ለአባዬ ነገርኳቸው። ተዪው አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ችዬው አንቺ ሁለት ሳምንት አቃተሽ? ችለው ምን አተረፉ ብዬ ጮህኩባቸው። ወዲያው አፈርኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። 11 ሰዓት

ከየት ልጀምር!

ጾም ገብቷል፣ ምሳ የያዘ ጥቂት ነው። አዳራሹ ግን ጢም ብሏል። አቶ ጌ. ኩታውን አጣፍቶ አስረዳ። ከሳሽ በሕግ አምላክ ካለ ተከሳሽ ካለበት አይነቃነቅም። ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ተከሳሽ ዋስ ካላገኘ እንደተቆራኙ ይውላሉ። ዋስ ጠርቶ በቀጠሮው ከቀረ ደግሞ ዋሱ ይያዛል። ዛሬም በዚህ ሕግ እንዳኛለን አለ፣ በገዛ አፉ።

ተነሣሁ። በሕግ አምላክ አልኩ። የነጠላዬን ጫፍ ከኩታው ጋር ቋጠርኩ፣ ጥብቅ አድርጌ። ዶሮ ጠፋኝ አላልኩም። ይህ ሰው የአያቴን የእጅ ሥራ ነጥቆ ለባዕድ ሰጠብኝ፤ አባቴንም እዚሁ ሰው ፊት ጅብ ብሎ ሰደበብኝ አልኩ። አቶ ጌ. ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ቋጠሮውን ሊፈታ ሲል ጋሽ ተሰማ መሬቱን በከዘራቸው መቱ። ዋስ ጥራ አሉት።

የቢሯችንን ጸሐፊ ጠራ። ጸሐፊው ስልኩን ይነካካል። የስፖርት መምህሩን ጠራ። እሱም ጣራ ጣራውን ያያል። ያን ለት ከሁሉ በላይ የሳቁት እኮ እነሱ ናቸው! አቶ ጌ. በዚያ ብርድ አላበው። ደብተሬ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንደተቆራኘን ገበያ መሀል ልጎትተው አማረኝ።

ከበሩ በኩል አንድ ድምጽ፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ አለ።

አባዬ! በእግራቸው መጥተዋል። አይሆንም ብዬ ጮህኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ። ጋሽ ተሰማ እንደ ሕጉ ዋሱን ስም ከነአባት፣ ከነሥራ ጠየቁ።

«ዘነበ ሀብቴ። ቀጥቃጭ። የዚህን በር ብረት የመታው የሀብቴ ልጅ ነኝ።»

ተከሳሽ ዋሱን በአፉ ካልጠራ አይጸናም አሉ ጋሽ ተሰማ። አቶ ጌ. ቋጠሮውን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ዋሴ አቶ ዘነበ ናቸው አለ። ጋሽ ተሰማ አልለቀቁትም፣ ሙሉውን አሉት። ሙሉውን አለው። ሀብቴንም፣ በሩንም፣ ብረቱንም። በማጉያው።

ፍርዱ ለሐሙስ ተቀጠረ። ቋጠሮውን የፈቱት አባዬ ናቸው።

በመንገድ ተቆጣኋቸው። በቀሌን ቀሙኝ አልኳቸው። ያ ሰው ከእንግዲህ ዋሱን ቀና ብሎ የሚያይ ይመስልሻል? አሉኝ። ቤት ገብተው ሽሯቸውን ጥርግ አድርገው በሉ።

አሁን አቶ ጌ. ደወለ። ክሱን አንሺ፣ ይቅርታውን ቢሮ ውስጥ እጠይቃለሁ አለ። በር ዘግተን፣ ለሁለታችን። የሰደብከው በር ዘግተህ አይደለም አልኩት። ክሴን አላነሳም። ሐሙስ ትመጣለህ፤ ከቀረህ ዋስህን አቶ ዘነበን አስይዛቸዋለሁ።