ሰረዟ ቀረች፣ እኔ ተሰረዝኩ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፣ በአዲሱ ምንጣፍ ላይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ወንበርዎ፣ እንግሊዝኛዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ከወጣሁ ወዲህ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ ከመናደድ በቀር ሌላ ሥራ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ክብርዎን ለመድፈር እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ስለቀሩ፣ ምናልባት እንደ ማንኛውም ሰው ጋዜጣ ሲያገላብጡ ቢያገኙት ይቀልዎት ይሆናል ብዬ ነው። በአማርኛ መጻፌንም ይቅር ይበሉኝ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩልዎ ደብዳቤ ምን እንዳመጣብኝ ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ በዚህ መሥሪያ ቤት የአቤቱታ መስኮት ላይ ተቀምጬ ጸጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። ሥራዬ ሰው ይዞት የመጣውን ወረቀት ማንበብ፣ ምን እንደሚል ለባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ ከዚያም የሚመለከተው ክፍል እስኪሰለቸኝ ሳይሆን እስኪሰለቸው ድረስ መወትወት ነበር። የእንግሊዝኛ ቃላት ፍቅር የያዘኝም እዚያው ነው። በምሳ ሰዓት ሌላው ሲያንቀላፋ እኔ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ከፍቼ አንዱ ቃል ከማን እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ከየት እንደተሰደደ አነባለሁ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባለቤቴ፣ "የሰው ዘመድ ትተሽ የቃል ዘመድ ትጠይቂያለሽ" እያለ ሲቀልድብኝ ኖሯል። ቃላቱ ግን እስከዚህ ዓመት ድረስ ክፉ አላደረጉብኝም።

በመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛው ሁሉ በየዓመቱ የሥራ ውሉን እንደገና ይፈርማል። ማስታወቂያው ሁልጊዜ በአማርኛ፣ "ውል ያላደሳችሁ ኑና ፈርሙ" የሚል ነበር። ዘንድሮ እርስዎ ከሥልጠና ሲመለሱ ማስታወቂያ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዙ፤ ዘመናዊ ሆንን። በእንግሊዝኛ "እንደገና ይፈርም" ለማለት "ሪ" እና "ሳይን" በሚሉት መካከል አንዲት ትንሽ አግድም ሰረዝ ትገባለች። ሰረዟ ከቀረች ቃሉ "ሪዛይን" ይሆናል፤ ትርጉሙም "ሥራውን በፈቃዱ ይልቀቅ" ነው። በሰሌዳው ላይ በትልልቁ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሰረዝ አልነበረውም። ሁሉም ሠራተኛ እስከ ዓርብ ድረስ ሥራውን ይልቀቅ ይላል፤ ከሥሩም የእርስዎ ፊርማና ማኅተም አለበት።

ባልደረቦቼ ማስታወቂያውን ሳያነቡ፣ እንደየዓመቱ ሁሉ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄደው ፈረሙ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጥፋቴም ይኸው ነው። ለማጣራት ወደ ቢሮዎ ብመጣ ጸሐፊዎ "ሚቲንግ ላይ ናቸው" አለችኝ፤ በማግስቱም ሚቲንግ ላይ ነበሩ። ዓርብ ሲደርስ፣ አለቃ ያዘዘውን መፈጸም ነው ብዬ፣ ስሕተት የሌለበት የእንግሊዝኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ አስገባሁ። ከቀትር በፊት አስገብቼ ከቀትር በኋላ ጸድቆ መጣልኝ። የተሰበረ ቧንቧ ያመለከተ ሰው ክረምትና በጋ በሚጠብቅበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ፍጥነት በማየቴ ከልብ ተደንቄያለሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰረዟ አመሰግናለሁ። በእኛ ቋንቋ ሰረዝና መሰረዝ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሰው የሚሰረዘው በላዩ ላይ ሰረዝ ሲሰመርበት ነው። ሰረዝ በመጉደሉ ምክንያት የተሰረዘ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። "ሪዛይን" የሚለውም ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙ ማኅተም መፍታት፣ የታሸገን መሰረዝ ነበር። "ሪ" በብዙ ቃላት ላይ "እንደገና" ማለት ሆኖ ሳለ እዚህ ላይ ግን "ማፍረስ" ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ተንኮለኛ ቃል ያለ ጠባቂ ሰሌዳ ላይ መልቀቅ ድፍረት ይጠይቃል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት የተረተው ሰው እርስዎን ሳያውቅ መሞቱ ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው የቀኑን ገደብ "ዴድላይን" በሚል ቃል ስለገለጸልኝ። ይህ ቃል በአንድ የጦርነት ዘመን ከእስር ቤት የወጣ ነው። በእስረኞች ግቢ ዙሪያ መስመር ይሰመር ነበር፤ መስመሩን የረገጠ እስረኛ ያለ ምንም ጥያቄ ይተኮስበታል። እኔ መስመሩን ላለመርገጥ ስል ቀድሜ ራሴን ተኮስኩ። ለጥይቱ ወጪ ስላላደረጉ መሥሪያ ቤቱ ተጠቅሟል።

ሦስተኛ፣ ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ስላደረጉልኝ አቀባበል። በመጨረሻ ሚቲንጉ አልቆ ሲያገኙኝ፣ ማስታወቂያው ሰረዝ እንደጎደለው ራስዎ አመኑልኝ። ቀጥለውም፣ "እኛ ያሰብነው ሌላ ነበር፤ አንቺ ግን ለቅቄያለሁ ብለሽ ጽፈሻል። በመሥሪያ ቤት የሚጸናው የታሰበው ሳይሆን የተጻፈው ነው" አሉኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እንዲህ ነው። በፈቃዷ የለቀቀች ስለተባልኩም ደጅ ላይ ደርሶ የነበረው ጡረታዬ ከደጅ ተመለሰ። ሳለቅስ አይተው፣ አዝነውልኝ፣ "ዩ አር ኤ ናይስ ሌዲ" ሲሉ አጽናኑኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ "ናይስ" ደግ፣ መልካም ማለት ነው፤ በተወለደበት ዘመን ግን ምንም የማያውቅ፣ መሃይም ማለት ነበር። ከሁለቱ የትኛውን ለማለት እንደፈለጉ አልጠየቅሁም። ያሰቡት ሳይሆን የተናገሩት ነውና የሚጸናው ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

አራተኛ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ደግሞ በበኩላቸው "ፔሸንት ሁኚ" ብለው መከሩኝ። ፔሸንት ታጋሽም ነው፣ በሽተኛም ነው፤ ሁለቱም የመጡት መሠቃየት ከሚለው ቃል ነው። ምክራቸው ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል።

አምስተኛ፣ በእኔ ቦታ ስለተተካው ሰው። ይህ ጎልማሳ ባልደረባችን፣ ባለጉዳይ ገና ከበር ሲገባ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት "ሲስተም የለም" ስለሚል፣ ስሙም ሲስተም የለም ሆኖ ቀርቷል። በባሕርዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ ይጋብዛል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ማንበብ ብቻ አይወድም። ማስታወቂያውን ባለማንበቡ ሥራው ተረፈለት፤ በላዩም የእኔ መስኮት ተጨመረለት። ቃላትም እንዲሁ ናቸው። መሃይም የነበረው "ናይስ" ሹመት አግኝቶ ደግ ሆነ፤ "ሲሊ" የሚለው ደግሞ በጥንት ዘመን ብሩክና ደስተኛ ማለት የነበረ፣ ማንም ሳያስጠነቅቀው ዝቅ ዝቅ ተደርጎ ዛሬ ቂል ማለት ሆኗል። ማን እንዳወረደው አይታወቅም። እኔን ያወረደኝ ስለሚታወቅ ከ"ሲሊ" እሻላለሁ።

ስድስተኛው ቁጥር ስለ እኔ አይደለም።

ከገበያው ጀርባ ያለውን ቦኖ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ፤ ቢያንስ በካርታ ላይ። የፍሳሽ መስመር ፈንድቶ ከንጹሑ ውሃ ጋር በመቀላቀሉ፣ መሥሪያ ቤትዎ በቦኖው ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሰቀለ። በእንግሊዝኛ፣ በቀይ ቀለም፣ "ይህ ውሃ ፖተብል አይደለም" ይላል። ፖተብል መጠጣት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ የሚጠጣ ማለት ነው። ያን ጠዋት እኔ ስለ ጡረታዬ ደጅ ልጠና ወጥቼ ስለነበር፣ በሰፈሩም ሌላ ይህን ቃል የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ጎረቤቴ ልብስ አጣቢዋ ጽሑፉን እንደ ምንም ወረቀት ላይ ገልብጣ ይዛ ወደ አቤቱታው መስኮት ሄደች። ድሮ የምታገኘው እኔን ነበር። ተተኪዬ ሲስተም የለም ወረቀቱን ካየ በኋላ፣ "ፖርታብል አይደለም ነው የሚለው። ፖርታብል ሬዲዮ አታውቂም? ተይዞ የሚሄድ ማለት ነው። ስለዚህ ውሃውን በጄሪካን ቀድቶ መውሰድ ክልክል ነው፤ የፈለገ እዚያው ይጠጣ" ብሎ አስረዳት።

ጎረቤቴ ሕግ የምታከብር ሴት ናት። ጄሪካኗን እቤት አስቀምጣ፣ ልጆቿን በተርታ ይዛ ሄዳ፣ እዚያው አጠጣቻቸው። ከእነርሱም ሁለቱ ሆዳቸው ታውኮ ከጤና ጣቢያ አልጋ ያዙ። ልጠይቃት ስሄድ፣ "እኔ ምን አጠፋሁ እህቴ? መሥሪያ ቤቱ ጠጡ ያለውን ነው ያጠጣሁት" አለችኝ። ያን ዕለት ማምሻውን ከሰል ይዤ ሄጄ፣ ከሰሌዳው ሥር በትልቁ "አይጠጣም" ብዬ ጻፍኩ። የፈነዳውን ቧንቧ ሊጠግን አንድም ቀን ብቅ ብሎ የማያውቀው ቡድን በማግስቱ መጥቶ፣ ባልተፈቀደ ቋንቋ የተጻፈ ነው ብሎ ቃሌን በጨርቅ ጠራርጎ ሄደ። ቧንቧው አሁንም እንደፈነዳ ነው።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ይፍቀዱልኝና ቀልዱን ላቁም። ተናድጃለሁ። ስለ ሥራዬ ስናደድ ሰንብቻለሁ፤ ይህ ግን ሌላ ነው። የአንድ ሰው መስኮት ላይ መቀመጥና አለመቀመጥ የልጅ ሆድ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። መስኮቴን እንዲመልሱልኝ የምጠይቀው ለጡረታዬ ብቻ ብዬ አይደለም። ጡረታዬንም ግን እፈልገዋለሁ፤ እንዳይረሱት።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ማዕረግዎ ነው። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ "ማናጀር" የሚል ስለሆነ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። ቃሉ በመጀመሪያ ፈረስን በእጅ መግራት፣ በልጓም መምራት ማለት ነበር። በዚህ አልከፋኝም፤ ፈረስ መባል ክብር ነው። ፈረስ ግን ገደል ሲያይ ይቆማል፤ ጋላቢው ሂድ ቢለውም ይቆማል። እርስዎ ዘንድ የቆመ ፈረስ ስለሌለ ሁላችንም ገደሉ ጫፍ ደርሰናል። ስለ ቦኖው ሰሌዳ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ለሦስት የክፍል ኃላፊዎች ነግረናል፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው፤ በውሃ መሥሪያ ቤት ደግሞ ይብሳል።

እንግዲህ ጊዜዎን ከዚህ በላይ አልሻማም። የሰሌዳው ጽሑፍ ዛሬውኑ ሰው በሚያነበው ቋንቋ እንዲጻፍ፣ ቧንቧውም እንዲጠገን፣ እኔም ወደ መስኮቴ እንድመለስ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ ይርዘም፤ እንግሊዝኛዎም እንደ ምንጣፍዎ ይለስልስ፤ ከበርዎ ውጭ የሚቆመውን ባለጉዳይ የሚያዩበት ዓይን ፈጣሪ ይጨምርልዎ።

በትሕትና ጎንበስ ብዬ፣ ግን ወደ ላይ እያየሁ፣
የአቤቱታ መስኮት ሠራተኛዎ፤
"የቀድሞ" የሚለውን ቃል ለጊዜው ያልፈረመች።

ድኅረ ጽሑፍ፤

ጃንጥላዬን ልወስድ የመጣሁ ዕለት፣ ባልደረቦቼ ውል ያደሱበት ወረቀት በመግቢያው በመስታወት ውስጥ በክብር ተሰቅሎ አየሁት። ከፊርማዎቹ በላይ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አለ። እዚያም ሰረዟ የለችም። ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ "እኛ ከዚህ በታች የፈረምን ሁሉ ሥራችንን በፈቃዳችን ለቅቀናል" ይላል። ለሠራተኛው አርአያ ለመሆን ከሁሉ ቀድመው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። የሚጸናው የተጻፈው ነው ብለው ስላስተማሩኝ ፎቶግራፍ አንስቼ ከትርጉሙ ጋር ለቦርዱ ሰብሳቢ ልኬያለሁ። እርሳቸውም ደርሷቸው ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ነግረውኛል። ከእንግዲህ ወይ ሁላችንም ለቅቀናል፣ ወይ ማንም አልለቀቀም። ማንም አልለቀቀም ከተባለ ሰኞ ጠዋት መስኮቴ ላይ ነኝ። ሁላችንም ለቅቀናል ከተባለ ግን መውጫው በር ላይ መጋፋት አያስፈልግም፤ በፊርማው ተራ ስለምንወጣ እርስዎ ይቀድማሉ።