ስላልተቃናው መንጠቆና ስለላኩልኝ የምስጋና ወረቀት

ኦክቶበር 14፣ ሆኖሉሉ።

መንጠቆው አልተቃናም።

ለክቡር የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ፤ ብዙ መቀመጥ ወገብዎን እንዳይጎዳው፣ የቅጾች ብዛትም ዓይንዎን እንዳያደክመው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፓላኒ ካአይሁዌ በረጅም ገመድ ቱና የሚያጠምድ ጀልባ ካፒቴን ስሆን፣ ባለፈው ወር በፊርማዎ የላኩልኝ የምስጋና ወረቀት በደህና ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ማኅተሙም ያምራል። «ኦገስት 9 ቀን በመንጠቆ የተያዘችን ሐሰተኛ ገዳይ ዓሣ ነባሪ በሕይወት ስለለቀቁ» ይላል፤ «ሐሰተኛ ገዳይ» የዝርያዋ ስም ነው። ላልሠራሁት ሥራ ስላከበሩኝ እያመሰገንኩ፣ ወረቀቱን የምመልስበትን ምክንያት በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ደንብዎ ጥሩ ደንብ ነው፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም። መንጠቆው ሆን ተብሎ ከቀጭን ሽቦ እንዲሠራ አዝዘዋል። ቱና አያቃናውም፤ ዓሣ ነባሪ ግን ገመዱ ጠበቅ ተደርጎ ከተያዘባት በገዛ ክብደቷ አቃንታው፣ በአፏ ምንም ሳይቀር ትሄዳለች። ከእኛ የሚፈለገው ገመዱን መያዝና መታገሥ ብቻ ነው። መመሪያውን ከመሪው አጠገብ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሆኖም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሻርክ በገመድ በመጣ ቁጥር ከአፌ የሚወጣው አንድ ቃል ነው። ያን ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የዓሣ ነባሪዋ ጥቁር ጀርባ ከጀልባው ጎን ብቅ አለ፤ ከኢንዶኔዥያ የመጣው መርከበኛዬ ዋህዩም ቢላውን ይዞ «ፓክ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ፓክ ማለት በእነሱ አባት ማለት ነው። እኔም የሻርኩን ቃል አወጣሁ፤ «ቁረጠው!»

ቢሮዎ በጀልባችን የመደባት ታዛቢ ኖራ ከኋላ እየሮጠች (በደሴታችን ታላቅን ሁሉ አጎቴ ይላሉ) «አጎቴ፣ አይቆረጥም! ያዙት፣ ይቃናል!» ስትል፣ ዋህዩ ገመዱን ጨርሶት ነበር። «ፓክ፣ ተቆረጠ እኮ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። እንግዲህ «ለቀቁ» ያሉት ይህንን ነው። መንጠቆው በመንጋጋዋ፣ አራት ሜትር ገመድም ከኋላዋ እንደሆነ ሄደች።

2. አራት ጓደኞቿ ገመዱ እስኪቆረጥ ድረስ ከጀልባው ጎን አልራቁም ነበር። ከእነሱ አንዱ ከእኛው ገመድ የሰረቀውን ቱና በአፉ ይዞ መጣና ወደ ከንፈሯ ገፋላት። አፏን አልከፈተችም። ኖራ ይህንንም ጽፋለች፤ ነገር ግን በቅጽዎ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን ስለሌለ የጻፈችው በገጹ ጀርባ ነው። ጀርባውን የመገልበጥ ሥራ ለማን እንደተሰጠ ስላላወቅሁ ማንንም አልወቅስም።

3. ቢሮዎ በአፍ ውስጥ የቀረ መንጠቆና የሚጎተት ገመድ መኖሩን አንብቦ ሲያበቃ፣ «የጉዳቱ መጠን ሊወሰን ያልቻለ» ብሎ ጻፈ። በቃሉ ተደንቄአለሁ። «ከባድ ጉዳት» ቢባል ኖሮ ለዓመቱ የተፈቀደው የጉዳት ልክ ይሞላና የምናጠምድበት ደቡቡ ባሕር እስከ አዲስ ዓመት ይዘጋብን ነበር። ሊወሰን ያልቻለ ግን አይቆጠርም። ያልተቆጠረም አልሞተም።

4. ኦክቶበር 2 ቀን ሞሎካይ ደሴት ያለችው እህቴ ማይሌ ደወለችልኝና «ና፣ ያንተ ሳትሆን አትቀርም» አለችኝ። ዓሣ ነባሪዋ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ተኝታ ነበር። የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል። የእንስሳት ሐኪሟ ከፈተቻት፤ በሆዷ ውስጥ ምንም አልነበረም። መንጠቆው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል። ዋህዩ፣ ሌሎቹ መርከበኞች እንዳይወስዱበት፣ በሚያዘጋጀው መንጠቆ ሁሉ ላይ አረንጓዴ ክር ያስራል። ሐኪሟ ፎቶ አንስታ፣ ለክታ፣ «የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለች። «የእኔ ነው» አልኳት። «እንግዲያው አንተው አድርስላቸው፤ የእኔ ሪፖርት እዚያ እስኪደርስ ስድስት ወር ነው» ብላ ሰጠችኝ። ስለዚህ የጉዳቱ መጠን ተወስኗል፤ ሊያሳውቅዎ የመጣው እኔ በመሆኔ ይቅርታ።

5. ዋህዩ ምስክርነቱን ሊሰጥ ፈልጎ ነበር። «ፓክ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፍ» ብሎኛል። የአገር መግቢያ ፈቃድ ስለሌለው ግን ከወደቡ በር ማለፍ አይችልም። ያዘዘው አፍ የእኔ ነውና ጥፋቱን በእሱ ስም አልመዘግብም።

6. ወዳጄ ካፒቴን ዱክ ወረቀቱን ልመልስ መሆኑን ሲሰማ፣ ወደቡ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለኝ፦ «ፓላኒ፣ ጤና የለህም እንዴ! ሽልማት ተሰጥቶት የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ስሟ ራሱ ሐሰተኛ ለሆነ ዓሣ ብለህ የሁላችንንም ጉሮሮ ልትዘጋ?» ዱክ ሦስት ልጆች አሉት። ደቡቡ ከተዘጋ የእኔም ጀልባ እስከ አዲስ ዓመት ታስራ ትቆማለች። ይህን አውቄ ነው የምጽፈው።

ስጦታ መመለስ በቤታችን ነውር ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ከእነዚሁ ዓሣ ነባሪዎች አንዷ አንድ ትልቅ ማሂማሂ በአፏ ይዛ መጥታ ከአባቴ ጀልባ አጠገብ ለቀቀችው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ «እንግዳ ያመጣውን አይመልሱም» አለና ዓሣውን አወጣ፤ እራታችን ሆነ። በሕይወቴ የምመልሰው የመጀመሪያው ስጦታ የእርስዎ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ቃል እንዲቀይሩ ብቻ ነው። ሊወሰን ያልቻለ የሚለውን ሰርዘው፣ ከባድ ጉዳት ይበሉልን።

ጀልባው በወደብ ቢታሰርም አክብሮቱ የማይፈታ፣ ታዛዥዎና «ቁረጠው» ያለው፣

ፓላኒ ካአይሁዌ

ግልባጭ፦ በወደቡ በር ላይ ለሚለጠፍ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን የምጽፈው በቢሮዎ መጠበቂያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ እጅግ ትሑት ናት። «አጎቴ፣ ደብዳቤውን እቀበላለሁ፤ የመንጠቆ መቀበያ ቅጽ ግን የለንም። እስቲ ይቆዩኝ፣ የጠፋ ንብረት በሚለው ልሞክር» ብላ ወደ ውስጥ ገብታለች። የእኔ ተራ 41 ነው፤ አሁን 40 ተጠራ። ዋህዩ ከወደቡ በር ወዲያ ማዶ ቆሞ ምን እንዳሉ ልነግረው ይጠብቀኛል፤ የጠፋ ንብረት ነው አሉ ብዬ እንዳልነግረው፣ ልጅቷ ሳትመለስ ልሂድ። መንጠቆውን በምስጋና ወረቀትዎ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሲያነሡት ይጠንቀቁ፤ ጫፉ እንደሰላ ነው። ደግሞም ቀጭን ሽቦ ነውና፣ የሚይዘው ሰው ከተገኘ፣ ጠበቅ አድርገው ቢስቡት ይቃናል።